ለአራት ሰው የተሠራ ድንኳን

ልጅ ስትዋሽ፣ አዋቂ ሰው ውሸት መሆኑን እያወቀ ቢቀበላት፣ ውሸቱ የማን ነው?

ዳባት ከተመለስኩ አምስት ወር ሆነኝ። እናቴ ቤት፣ የድሮ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ይህንኑ አገላብጣለሁ። ቤይሩት አምስት ዓመት ስማር፣ ለጥያቄ ሁሉ መልስ ባይገኝለት እንኳ አቋም አይጠፋለትም ብለው አስተምረውኝ ነበር። ለዚህኛው ግን የያዝኩት አቋም ሁሉ ውሎ አያድርልኝም። ጠዋት የእኔ ነው እላለሁ፤ ሲመሽ የአባቴ ይሆንብኛል። አባቴ ደግሞ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አይጠየቅም።

ነገሩ የሆነው በ1949 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ደምለው የከብት ክትባት ጓድ ሾፌር ነበር። የሚነዳው ላንድሮቨር የመንግሥት ቢሆንም ቅዳሜ ማታ ደጃችን ይቆማል፤ እሑድን እኔና ታናሽ ወንድሜ ያርጋል መሪውን እየተፈራረቅን፣ ሳይነሳ ስንነዳው እንውላለን። ውስጡ የቤንዚን፣ የደረቀ ጭቃና የመድኃኒት ሽታ ነበረው። አባቴም እንደዚያው ይሸት ነበር። መንዳት ከመማሩ በፊት፣ እኔ ሳልወለድ፣ የክትባት ሳጥን በበቅሎ ጭኖ ጃናሞራ ይወጣ ነበር አሉ። በእኔ ዕድሜም አንዳንዴ መኪናውን ደባርቅ ያቆምና በበቅሎ ይወጣል። ወር ቆይቶ ሲመለስ ማር ያመጣልናል። ስለ ጃናሞራ የማውቀው ማሩን ብቻ ነበር።

በዚያ ግንቦት መጀመሪያ ሦስት ሽማግሎች ቤታችን መጡ። ሁለቱ የዳባት ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ከጃናሞራ የወረዱ ቄስ፣ አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስቡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው። እኔና ያርጋል ወደ ጓዳ ተባረርን። ጓዳ ሆኖ የሚሰማ ወሬ ደግሞ ግማሹ ይደርሳል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

«ከጣራው ሥር ትደር፤ ከማዱ ትቅመስ። ሲነጋ ከደጁ ስትወጣ እኔ በዓይኔ ልይ» አሉ ቄሱ።

«እዚህ ከተማ መሀል? ጎረቤቱ ምን ይላል አባ?» አለ አባቴ።

«ጎረቤት የሚለውን ብሎ እስኪጨርስ ክረምት ይገባል። ወንዝ ከሞላ ደግሞ አጎትየው እስከ መስከረም አይጠብቅም።»

ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ከወትሮው ዝግ ያለ። «ድንኳንስ ጣራ አይሆንም ወይ? ከደባርቅ ወጣ ብለን፣ ሜዳ ላይ።»

ቄሱ መለሱ። «ታቦትም በጥምቀት በድንኳን ያድራል። ይሆናል ሸዋነሽ። ባለቤቱ ከነቤተሰቡ ካደረበት ጣራ ነው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሦስት ነገር ነው፤ ድንኳን፣ ሜዳ፣ ጥምቀት። በግንቦት፣ ለእኛ ቤት ብቻ የሚሆን ጥምቀት ሊደረግ ነው ብዬ ለያርጋል አወራሁለት። እሱም አምኖኝ ሎሚ ይወረወራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ሽማግሎቹን ሸኝታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ለበዓል ሽንኩርት ልትከትፍ ጀምራለች አልኩ።

እናቴ በዚያን ዕለት የሰማችውን እኔ የሰማሁት ዘንድሮ ነው። አባቴ እሷን ሳያገባ ጃናሞራ ላይ ልጅ ወልዷል። ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ በዚያ ዓመት ሞተችና አጎቷ ዘንድ ገባች፤ አጎቷ ደግሞ ሊድራት ቀን ቆርጧል። አባት ነኝ የሚል ሰው ቀርቦ፣ በአገሩ ወግ ተቀብሎ ከወሰዳት ብቻ ነው ጋብቻው የሚቀረው። ወጉም ያ ነው፤ በአባቷ ጣራ ሥር አንድ ሌሊት ማደር፣ በጠዋትም ምስክር ማግኘት።

በማግስቱ ቅዳሜ ድንኳን ልንገዛ ደባርቅ ሄድን።

ጋሽ ወልደ ሩፋኤል የሚባል ነጋዴ ነበር፤ ጣልያን ጥሎት የሄደውን፣ ፈረንጅ ሰልችቶት የተወውን ሁሉ ሰብስቦ የሚሸጥ። ግቢው ውስጥ ሁለት ድንኳን ተከለልን። አንዱ ካኪ ሸራ ነው፤ አሮጌ፣ ሁለት ቦታ የተጣፈ፣ ግን እንደ ቤት ሰፊ። ሌላው ዋልያ ሊያይ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ የተወው አዲስ ቢጫ ድንኳን ነው፤ ወለሉ አብሮ የተሰፋ፣ በጎኑ ደግሞ ወንፊት የመሰለ መረብ የለበሰች ትንሽ መስኮት አለችው። መስኮቷን ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። እኛ ቤት እንኳ እንደዚያ ያለ መስኮት አልነበረም።

«ይኼኛው» አለ ነጋዴው ካኪውን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «ስምንት ወታደር ከነጠመንጃው ያስተኛል።»

«እኛ ወታደር አይደለንም» አለ አባቴ።

«ባለቤትህን ሳያት ግን ሻለቃ ትመስላለች።»

እናቴ አልሳቀችም። ካኪው ድንኳን ገብታ ነጠላዋን አነጠፈችና መሬት ላይ ተጋደመች። ሰው ፊት እንዲህ ስትሆን አይቻት ስለማላውቅ አፈርኩ። በክንዷ ጎኗን እየለካች ትናገር ጀመር። «ደምለው እዚህ። ያርጋል። እኔ። ይታይሽ።» ይታይሽ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥላ ደግሞ አንድ ክንድ ተኩል ለካች። «አምስተኛው እዚህ።»

«አምስተኛው ማነው እማ?»

«እንግዳ ነው።»

እንግዳ ማለት ሕፃን ነው፤ ያርጋል ሊወለድ ሲል እንደዚያ ተብያለሁ። እናቴ አርግዛለች ማለት ነው። ከያርጋል ጋር ያየሁትን መከራ አስታወስኩ፤ ለቅሶውን፣ አዝሎ መዋሉን። ካኪውን ድንኳን ያኔ ጠላሁት።

አባቴ ቢጫው አጠገብ ቆሞ በደጃፉ የተሰፋችውን ጨርቅ ያነባል። «ለአራት ሰው ይላል።»

«ፈረንጅ እኮ ረጅም ነው» አለ ነጋዴው። «የእነሱ አራት ለእናንተ አምስት ይወጣዋል፤ ጠጋ ጠጋ ነው።»

«የተጻፈው አራት ነው» አለ አባቴ።

«ሰፊውን እንይዛለን» አለች እናቴ ከውስጥ። «ያፈስስ እንደሆን ብቻ እንየው። ዝናቡ ቀርቧል።»

ነጋዴው መሰላል አስደግፎ ባልዲ ውሃ አወጣ። አስቀድሞ ግን እንዲህ አለን፦ «ሸራ የመጀመሪያውን ውሃ ይጠጣል። አንዳንድ ቦታ ጠብ ቢል አትደንግጡ፤ ክሩ ሲያብጥ ራሱ ይዘጋል።» አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ይይ ተባለና እኔ ተላክሁ።

ውስጡ የአይጥና የአሮጌ ገመድ ሽታ አለው። ውሃው ሲወርድ ከበሮ የተመታ መሰለኝ። ቀና ብዬ ጠበቅሁ። ሸራው ከላይ ጠቆረ፤ ጥቁረቱ እየሰፋ እየሰፋ እስከ ጥጉ ደረሰ። ሁለተኛ ባልዲ ፈሰሰ። ሦስተኛ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«ነጠበ ወይ ይታይሽ?» አለ አባቴ ከውጭ።

«ነጠበብኝ» አልኩ።

«የቱ ላይ?»

«አናቴ ላይ።»

ስወጣ አባቴ እጁን አናቴ ላይ አሳረፈ። ረጅም ጊዜ አቆየው። ከዚያ ጣቶቹን በሹሩባዬ መሀል እስከ ማጅራቴ አወረዳቸው። አባቴ ልጅ የሚዳብስ ሰው አልነበረም፤ ልቤ በደስታ ሞላ። ጸጉሬ ደረቅ እንደነበር ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

«ያፈሳል» አለ ለእናቴ። «ዝናብ የሚያስገባ ጣራ ጣራ ነው ወይ?»

እናቴ እሱን አየችው፤ ቀጥላ እኔን። «እንግዲህ» አለች። ስንመለስ መኪናው ውስጥ እሷም አናቴን ዳበሰችኝ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ስለተዳበስኩ፣ ቢጫውን በመምረጤ ሁሉም የተደሰቱ መሰለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ ድንኳናችንን ተከልን። ሜዳው ዳር ላይ ምድር በድንገት ትቆረጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ጉም ነው። ያርጋል ካስማ ሲያቀብል፣ እኔ ገመድ ስስብ፣ አባቴ በመዶሻ ሲመታ፣ ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ብዙ የለም። ቤይሩት ሆኜ አባቴን ሳስብ የማየው ይህን ነበር።

ወደ ማታ አባ ገብረ ሚካኤል በበቅሎ መጡ። አንዲት ልጅ ኮርቻውን ይዛ በእግሯ ትከተላለች። ጋሜዋ አዲስ ተላጭቷል። የለበሰችው ቀሚስ የትልቅ ሰው ነው፤ ወገቧ ላይ በመቀነት ጠቅልላ ሰብስባዋለች። የቄሱ የልጅ ልጅ ናት ብዬ ወሰንኩ፤ ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። እናቴ ጉንጭና ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት። አባቴ ግንባሯን ሳመና በቅሎዋን ሊያስር ሄደ።

«ታንጉት ትባላለች» አለችን እናቴ። «አጫውቷት።»

አንድ ላይ በላን። የመጀመሪያውን ጉርሻ እናቴ ለታንጉት ሰጠች፤ ሁለተኛውንም። አባቴ ጉሙን እያየ ነበር የሚበላው። ቄሱ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ፤ ሊያድሩ ወደ ቅርቡ መንደር ነው። «ማዱን አይቻለሁ» አሉ። «የቀረው ጣራው ነው። ማለዳ እመጣለሁ።»

እኔ ታንጉትን መስኮቷን ላሳያት ወሰድኳት። ጣቷን በመረቡ ላይ አስኬደች።

«ዝንብ አያስገባም» አልኳት።

«ዝናብስ?»

«ዝናብም። ግን ለአራት ሰው ነው የተሠራው፤ ተጽፎበታል። አባባ፣ እማ፣ ያርጋል፣ እኔ።» አራት ጣቴን አሳየኋት።

ጣቶቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። «እኔ ቀጭን ነኝ» አለች።

ሳቄ መጣ። «ብትቀጥኚስ? ሰው አይደለሽ? አምስት ትሆኛለሽ።»

እሷም ሳቀች፤ ወይም እንደሳቀች አስታውሳለሁ። ይህን ማስታወሴን አላምነውም።

ሊመሽ ሲል ዝናቡ ጀመረ። አባቴ ከመኪናው ስንቁን ማውረድ ያዘ። የዱቄቱን ከረጢት፣ የውሃውን ጀሪካን፣ ትርፍ ጎማውን ሳይቀር እያመጣ ድንኳኑ ጥግ ደረደረ። ዝናብ እንዳይነካው ነው አለን። መኪናው ጣራ እንዳለው እኔም አላሰብኩም፤ ጠንቃቃነቱ ነው የታየኝ። ጨርሶ ሲቆም እውነትም ለአራት ሰው የሚበቃ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ልጅቱ ከመኪናው ትደር። ይሞቃታል» አለ።

«ጎማውን አውጣው ደምለው» አለች እናቴ።

«ዝናብ ነው እኮ።»

«ጎማ ዝናብ ይፈራል?»

«ልጆቹ ፊት አታድርጊው።»

«እንግዲያ እኔ ከመኪናው ልደር፤ እሷ በእኔ ቦታ ትተኛ።»

«አንቺ ከሌለሽ ያርጋል የት ይተኛል? ደግሞ መኪናውም ጣራ ነው። ቆርቆሮ ከሸራ አያንስም።»

እናቴ ጋቢዋን አንሥታ በዝናቡ ወጣች፤ የመኪናው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ስትመለስ ጋቢው የለም፤ ትከሻዋ ርሷል። እኔ ስለ ጎማ የተጣሉ መሰለኝ። ቢጫው ድንኳን አንዲት ጠብታ ሳያስገባ አደረ።

ማለዳ ቄሱ መጡ። ዝናቡ አባርቷል፤ ሣሩ ውሃ ይዟል። ታንጉት ከመኪናው ወርዳ የእናቴን ጋቢ ጥግ ከጥግ እያጋጠመች ታጥፋለች።

«ልጄ፣ የት አደርሽ?» አሏት።

ታንጉት አባቴን አየችው። አባቴ የድንኳኑን ገመድ እየፈታ ነበር። ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ነውር መስሎኝ፣ «ከመኪናው ነው ያደረች» አልኩ።

ቄሱ ወደ አባቴ ዞሩ። «ነውን?»

«ያውም ቤት ነው አባ። በር አለው፣ ጣራ አለው።»

«የማን ነው?»

«እኔ ነኝ የምነዳው።»

«መንዳትማ እኔም በቅሎ እነዳለሁ፤ የአጥቢያው ናት እንጂ የእኔ አይደለችም። ይህ መኪና የመንግሥት ነው። እንግዲህ ልጅቱ መንግሥት ቤት አደረች።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መንግሥት አባቷ ነው ብዬ ልመስክር?»

ያርጋል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

«መስከረም ላይ ወንዙ ሲጎድል» አለ አባቴ፣ «በሥርዓቱ...»

«ያላየሁትን አልመሰክርም ደምለው። ያየሁትን ግን ለአጎቷ እነግራለሁ።»

እናቴ ጋቢውን ውሰጂው አለቻት። ታንጉት እጅ ነሥታ መኪናው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ኮርቻውን ይዛ ከበቅሎዋ ጎን ሄደች። እጄን አውለበለብኩላት፤ ዞራ አላየችም። በሳምንቱ ተዳረች። ወሬው አባቴ ዘንድ የደረሰው መስከረም ላይ፣ ወንዙ ሲጎድል ነው። በዚያ መስከረም አባቴ ከሥራ ቀርቶ ሦስት ቀን ተኛ፤ እኔ ወባ ነው ተብዬ ለማርያም ጸለይኩለት።

እኔ ከዚያ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከአዲስ አበባ ቤይሩት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ሌሊት ከልጅነቴ ጥሩ ነገሮች አንዱ አድርጌ ይዤው ዞርኩ። ለጓደኞቼ አውርቼዋለሁ፤ አባቴ ድንኳን እንዴት እንደገዛልን፣ ከሰፊው ይልቅ የወደድኩትን እንደመረጠልኝ።

የተመለስኩ ሰሞን እናቴ ሽንብራ ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ፣ እንዲሁ ወሬ ለማምጣት ያህል፣ «ያቺ የቄሱ የልጅ ልጅ የት ደረሰች?» አልኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «የማን የልጅ ልጅ?»

ከዚያ ነገረችኝ። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ስለ ሽማግሎቹ፣ ስለ አጎትየው፣ ስለ ወጉ። ታንጉት የሰባት ልጆች እናት ናት አለች፤ አምስቱ አሉ። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም ይባላል። በመጨረሻ የጸጉሬን ነገር አነሣች።

«አባትሽ ሲዳብስሽ አይቼ ኋላ እኔም ዳበስኩሽ። ደረቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ሽንብራውን መልሳ አበጠረች። «ምን ልበልሽ ልጄ። ሰፊውን እንግዛ ያልኩት ከልቤ ነው። ሥፍራ የለካሁትም ከልቤ ነው። ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ደብቆኛል፤ ቁስሉ ገና ደም ነበር። ከልቤ ጥግ አንዲት ቦታ፣ ምነው ባይሆን ትል ነበር። አንቺ ነጠበብኝ ስትዪ ያቺ ቦታ እፎይ አለች።»

«እሱስ?»

«እሱማ ሰው ፈርቶ ነው። ከሰውም የበለጠ አንቺን ይፈራ ነበር፤ አድገሽ ምን እንደምትዪው።»

ያን ሌሊት ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድስት ገጽ ሆነ። ሲነጋ ባነበው፣ ታንጉት ማንበብ እንደማትችል ትዝ አለኝ፤ የአጥቢያው ዲያቆን ባሏና ጎረቤቷ በተቀመጡበት ጮክ ብሎ ሊያነብላት ነው። እንደዚያ ያለ ነገር እንዴት ጮክ ተብሎ ይነበባል? ቀደድኩት።

በሚያዝያ፣ በገበያ ቀን ደባርቅ ሄጄ አለኸኝ የሚባለውን በቅሎ ነጂ አገኘሁት። አቀበቱን በየሳምንቱ የሚወጣ፣ መልእክት በማድረስ የታወቀ ሰው ነው። ታንጉትን ያውቃታል።

«ምን ልበላት?» አለኝ።

«ይታይሽ መጥታለች በላት።»

«የደምለው ልጅ ልበል፣ እህትሽ ልበል?»

ጭነቱን እያጠበቀ እንደ ቀላል ነገር ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ሁለቱንም ተውኩ። «ይታይሽ በል። ታውቀኛለች።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ወደ አንቺ ልመጣ እፈልጋለሁ፤ ልምጣ ወይ? ትልሻለች በላት። ይኸው ነው።»

እንደ ዳዊት ተማሪ ሁለት ጊዜ ደገመልኝና ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ጠብቄ ያዝኩት።

«ነገርኳት እመቤት። አስደገመችኝ። ልጆቿን ወደ ውጭ ሰደደችና እንደገና አስደገመችኝ።»

«ምን አለች?»

«ለበቅሎዎቼ ገብስ ሰጠችልኝ።»

«ለእኔ ማለቴ ነው።»

«ምንም። ስነሣ፣ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። ልጓሙን አቀበለችኝ።»

ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ ይጽፉልኛል፤ አገሩ እየተለወጠ አንቺ እዚያ ምን ትጠብቂያለሽ ይሉኛል። ሰኔ ገብቷል፤ ሰማዩ ከደባርቅ በላይ ከብዷል። በገበያ ቀን ሁሉ እሄዳለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አለኸኝ ከሩቅ ሲያየኝ፣ መልስ የለም ሲል ራሱን ይነቀንቅልኝ ነበር። አሁን አሁን ስመጣ ሲያይ ጎንበስ ብሎ የበቅሎውን ሰኮና ይመረምራል።